ስፖርት የምትሠራው መኪና

አቶ ዘርጋው ቦርጩ ከመኪና መሪ ጋር የሚታገል ባለሀብት ነበር። የውድድር መኪና የመሰለች ቀይ መኪና ገዛ። በመሪዋ አጠገብ ሁለት ቁልፎች አሉ፤ አንዱ ቤንዚን ለመቆጠብ «ቁጠባ»፣ ሌላው ለፍጥነት «ስፖርት» ይላል። እሱ ግን «ቁጠባ የድሃ ነው» እያለ ጧት ማታ ስፖርቱን ይጫናል። ከግቢው እስከ ትራፊክ መብራቱ ድረስ ያስጓራታል፤ እዚያ ሲደርስ ፍሬን ላይ ይቆማል፤ አረንጓዴ ሲበራ እንደገና ያስፈነጥራታል።

ቤንዚኑ አልበረክት አለው። አንድ እሁድ እንግዶች ጋብዞ ሳለ ዘበኛውን አስጠራና በሰው ፊት ጮኸበት።

«ቤንዚኔን እየቀዳህ ትሸጣለህ! ወይ ሌባውን እዚሁ አሳየኝ፣ ወይ ጓዝህን ጠቅልል!»

ዘበኛው ባርኔጣውን አወለቀና ወደ ቀይዋ መኪና ጠቆመ። «ጋሼ፣ ሌባ የለም። የጠጣችው እሷው ናት።»

«ምን ሆና ነው ይህን ሁሉ የምትጠጣው?»

ዘበኛው ወደ እንግዶቹ ዞረ። «እናንተው ፍረዱ! ከዚህ ግቢ ስፖርት የምትሠራው እሷ ብቻ ናት። ስፖርት የሠራ ደግሞ ይጠማዋል።» ከዚያ የጌታውን ቦርጭ አየት አደረገና ቀጠለ፦ «ጋሼ፣ ቁጠባውን ለእሷ ትተው ስፖርቱን እርስዎ ቢሠሩት ኖሮ፣ ዛሬ ጎድሎ የሚገኘው ቤንዚኑ ሳይሆን ቦርጭዎ ነበር።»