ዳማው እግሬን አላነሳም ያለ ዕለት

ተረቴ መጣች፤ እናንተ ተቀመጡ፣ ባለታሪኩ ግን መቀመጥ አልቻለም።

ሽባባው የሚባል ባለጋሪ ዳማ ፈረስ ነበረው። አንድ ጠዋት ፈረሱ ደጅ ላይ ተገትሮ አልራመድም አለ። የሽባባው ፍላጎት ትንሽ ናት፤ ዳማው አንድ እግሩን ያንሳለት። ጎረቤቱ መጣና፣ የማይሠራ ፈረስ ሜዳ ይለቀቃል፣ ሲመሽ ጅብ ይጨርሰዋል አለው። በዚያ ከተማ የሚደረገውም ይኸው ነው። ሽባባው ወጣ ገባ፣ ወጣ ገባ አለ።

ዳማውን እግርህን አንሳ ቢለው፣ ኮቴዬ እየነደደ አልራመድም አለ። ሽባባው ኮቴ ከርካሚው ገላዬ ዘንድ ሮጠ። ገላዬም፣ ሐኪሟ ሕመሙን ሳትነግረኝ አልከረክምም አለ።

ከርካሚው አልከረክምም፣ ኮቴው አልበርድም፣ ዳማው አልራመድም።

የእንስሳት ሐኪሟ ዶክተር የሻረግ መጥታ የፈረሱን ደም ወሰደች። ደሙ ሳይመረመር ግን አልናገርም አለች። የደም መመርመሪያው ማሽን ደግሞ፣ መብራት ሳይመጣ አልመረምርም አለ።

ማሽኑ አልመረምርም፣ ሐኪሟ አልናገርም፣ ከርካሚው አልከረክምም፣ ኮቴው አልበርድም፣ ዳማው አልራመድም። ፀሐይዋ ግን ዝም ብላ ትሄዳለች።

መብራቱ፣ ሽቦዬ ሳይቀጠል አልመጣም አለ። የመብራት ሠራተኛው፣ መሰላል ሳይቀርብልኝ አልወጣም አለ።

«መሰላሉስ የት ነው?» አለ ሽባባው።

«መጋዘን። በጋሪ ነው የሚመጣው። ፈረስህን አምጣ።»

ሠራተኛው አልወጣም፣ መብራቱ አልመጣም፣ ማሽኑ አልመረምርም፣ ሐኪሟ አልናገርም፣ ከርካሚው አልከረክምም፣ ኮቴው አልበርድም፣ ዳማው አልራመድም።

ሽባባው ፀሐይዋን አየ፣ ጋሪውን አየ። ከዚያ በፈረሱ ቦታ ገባና ራሱ ጋሪውን ጎተተ። ገበያተኛው ሳቀበት፤ ይሳቅ!

መሰላሉ ደረሰ፣ ሠራተኛው ወጣ፣ መብራቱ መጣ፣ ማሽኑ መረመረ፣ ሐኪሟ ተናገረች።

«ደሙ ውስጥ ስኳር በዝቷል። ምን ያበሉታል?»

«ገብስ ነዋ። እኔ ጦሜን አድሬም ቢሆን እሱ ገብሱን ይበላል።»

«ኮቴውን ያቃጠለው ገብሱ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ድርቆሽ ብቻ ይስጡት።»

ሽባባው አንገቱን ደፋ። ለካ ይህን ሁሉ ቀን ሲያሳምመው የኖረው በገዛ እጁ፣ በፍቅር ኖሯል። አለቀሰም።

ከርካሚው ከረከመ፣ ኮቴው በቀዝቃዛ ውኃ በረደ፣ ዳማውም ሳይመሽ አንድ እግሩን አነሳ። አነሳና ቀጥ ብሎ ወደ ገብሱ ጆንያ ሄደ።

ተረቴን መልሱልኝ፤ ገብሱን ግን ቆልታችሁ ለእኔ ስጡኝ።