ባይለየኝ የደበቀው ዘር

ተረት ልንገራችሁ? «ንገሪን» በሉኛ! እንግዲህ ከብቱም ዕቃውም ሲናገር ሰው በሚሰማበት ዘመን፣ ባይለየኝ የሚባል ገበሬ ነበረ።

ሽፍታ መጣ የሚል ወሬ ቢሰማ የዘር ማሽላውን ጉድጓድ ምሶ ቀበረው። ለማንም አልተናገረም፤ ለሚስቱ ለጥሩአይነትም አልተናገረም። ጎበዝ! ሲደብቅ ሲደብቅ ከራሱም ደበቀው። የመዝሪያው ጊዜ ሲደርስ የቀበረበት ቦታ ከሐሳቡ ብን ብሎ ጠፋ።

ዝናቡ ጣለ። ጎረቤቱ ሁሉ ይዘራል። ልጆቹ ዓይን ዓይኑን ያዩታል። ባይለየኝ ግንባሩን እየመታ «የት ነው? የት ነው?» ይላል። ሐሳቡ ግን ሲጠሩት ይብስ ይሸሻል።

ውሻው መጣ። «ጌታዬ፣ እኔ አሸትልሃለሁ» አለ። አሸተተ፣ አሸተተ፤ አምና የቀበረውን አጥንት ሲያገኝ ጌታውን ረስቶ መጋጥ ጀመረ።

ዶማው ተነሣ። «ጌታዬ፣ ነገር በጉልበት ነው፤ ቆፍር!» አለ። ባይለየኝ ቆፈረ፣ ቆፈረ፤ ጓሮው የፍልፈል ሰፈር መሰለ፤ ዘሩ ግን የለም።

«ለእኔ ብትነግረኝ ምን ነበረበት? እንግዲህ ልጆቹ ምን ሊበሉ ነው?» ብላ ጥሩአይነት አለቀሰች።

በሬው ቦራ ከበረት ራሱን ብቅ አደረገ። «ጌታዬ፣ ጥመደኝና እንረስ» አለ።

«አንተ ጅል፣ ያለ ዘር እርሻ ምን ሊሠራ?»

«መሬቱ መታረሱ መቼ ይቀራል! ደግሞ አውቅሃለሁ። ከጥሩአይነት ጋር በተጣላህ ቁጥር መልስ አጥተህ ትመጣለህ፤ ሦስተኛው ትልም ላይ ‹ምነው እንዲህ ባልኳት ኖሮ!› ትላለህ።»

ባይለየኝ ሳይወድ ሳቀ። ቦራን ከጓደኛው ጋር ጠመደ። በአንደኛው ትልም አጉረመረመ። በሁለተኛው ጅራፉን እያጮኸ በሬዎቹን ነዳ። በሦስተኛው ዘሩንም ረስቶ ለበሬዎቹ ሲያንጎራጉር፣ ድንገት ቀጥ አለ።

«እበቱ ሥር! የሽፍታ ውሻ እንዳያሸተው ብዬ፣ የእበቱ ክምር ሥር!»

እርፉን ጥሎ ሮጠ። እበቱን ገለጠ፤ ጉድጓዱን ከፈተ። ማሽላው ደህና ነው፤ አንዲት ፍሬ አልነቀዘችም። እፎይ! ጥሩአይነት እልል አለች፤ ባይለየኝ ማሽላውን አቅፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

«ታውቅ ኖሯል እንዴ?» ብሎ በሬውን ጠየቀው።

«እኔ የት አውቄ! እኔ የማውቀው አንተን ነው» አለ ቦራ።

በዚያው ቀን ዘሩን ዘራ። ከዚያ ወዲያ የሚደብቀውን ሁሉ ለሚስቱ ይነግራት ጀመር።

ሐሳብ ድመት ነው፤ ሲጠሩት ጀርባውን ይሰጣል፤ ሥራ ሲይዙ እግር ሥር ይመጣል። እኔ ጨረስኩ፤ የጠፋበት ሰው ካለ ይነሣና ሥራውን ይያዝ።