የጤፍ መድኃኒት በድግስ ሣር ላይ

አንድ ነጋዴ የግቢውን ሣር ከሱቁ አስበልጦ ይወድ ነበር። ስሙ ወንዳፍራሽ ነው። የሴት ልጁን የመልስ ድግስ እዚሁ ሣር ላይ እንደሚያደርግ ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ ከተናገረ በኋላ ሣሩን አረም ወረረው።

ነጋዴው አልደነገጠም። «እኔ እኮ የጤፍ አገር ልጅ ነኝ! ጎረምሳ ሳለሁ መርጫውን አዝዬ አንዴ ስዞርበት ማሳው እንደ መስታወት ይጠራ ነበር» አለና ያንኑ የጤፍ ፀረ አረም ገዝቶ ረጨ።

ውሎ ሲያድር ቅጠለ ሰፊው አረም ሁሉ ጠወለገ። ሣር መሰሉ አረም ግን የሚሻማው ስለሞተለት ይባስ ብሎ ተንሰራፋ።

«የሸጡልኝ የማይረባ ነው! እጥፍ አድርጌ ነው የምረጨው!» ብሎ ጮኸ።

ሚስቱ እታፈራሁ ከበረንዳ ሆና ሳቀች። «ተው አንተ ሰውዬ፣ እንግዳ የሚቀመጥበትን በመርዝ ልታጥበው ነው? ለመሆኑ ያኔ ረጭተህ ስትጨርስ ወዴት ነበር የምትሄደው?»

«ወዴት እሄዳለሁ? ጠላ ቤት ነዋ!»

«እኛ ሴቶቹስ?»

ነጋዴው ያነሳውን መርጫ መልሶ አስቀመጠው።

«አንተ ጠላህን ስትጠጣ እኛ ከኋላህ ተንበርክከን ይህንኑ ሣር መሰል አረም ስንነቅል እንውል ነበር። መስታወቱን ማን የወለወለው መሰለህ?»

ነገሩ እኮ ቀላል ነው። ጤፍ ራሱ የሣር ወገን ነው። ስለዚህ ጤፉን እንዳይጎዳ የተሠራ መድኃኒት የጤፉን ዘመዶችም ይምራቸዋል። እነሱን በእጅ መንቀል የሴቶቹ ድርሻ ነበር፤ ምስጋናው ግን መርጫ ላዘለው። እርግጥ ለግቢ ሣር የሚሆን፣ የአረሙ ዘር ሳይበቅል የሚረጭ መድኃኒት አለ። ለዘንድሮ ግን ጊዜው አልፏል።

እታፈራሁ የሰፈሩን ሴቶች ለደቦ ጠራች። ወንዳፍራሽም ሱሪውን ጠቅልሎ አብሯቸው ተንበረከከ። «ሥሩን ያዘው እንጂ! ፀጉር ልትላጭ ነው እንዴ?» እያሉ ሲያበሽቁት፣ እሱም ሲስቅ፣ እነሱም ሲያዜሙ አረሙ ዘሩን ሳይጥል ተነቅሎ አለቀ።

በመልሱ ቀን ሣሩ እዚህም እዚያም ተሸነቋቁሮ ነበር። የሙሽራው አባት አይተው «አማቼ፣ ሣርህን ምን በላው?» አሉ።

ወንዳፍራሽ አላፈረም፤ ወደ ሰፈሩ ሴቶች እያመለከተ፣ «አረሙን የነቀሉልኝ እነዚህ ናቸው፤ እኔ ያወቅሁት ረጭቶ መሄድ ብቻ ነበር። እስኪ አጨብጭቡላቸው!» አለ። ጭብጨባው ወደ እስክስታ ዞረና የተረፈውን ሣር ደግሞ እንግዳው ረገጠው። ማንም አላዘነለትም።

ወዳጄ፣ «እኔ ብቻዬን ሠራሁት» ከምንለው ብዙውን ሌላ ሰው ከኋላችን ሆኖ የጨረሰልን ነው። ያንን ሰው ካላየን፣ ነገር አልሆን ሲለን መርዙን እናበዛለን እንጂ እርዳታ አንጠራም።

አንተስ ረጭተህ ስትሄድ የቀረውን የሚነቅልልህ ማን ነው? ዛሬ አመስግነኸዋል?