ከውጪ ሲያዩት ያው ቅል

አንድ ጊዜ፣ ሳሩ ሁሉ አሮ ባለቀበት በጋ፣ አንዲት አህያ ውርንጭላዋን አስከትላ ወደ ወንዙ ልትሻገር ተነሳች። መሃል ላይ ያለው ሜዳ ግን ቀልድ አይደለም። ጥላ የለው፣ ቅጠል የለው። ያለ ስንቅ የገባበት አይወጣም። ስንቅ የሚሸጠው ደግሞ ማን ነው? ቀበሮ! ኧረ ሌላ ማን ሊሆን!

ሜዳው አንድ ሕግ አለው። መንገደኛ ስንቁ እስካለ ድረስ ጅብም ይሁን አህያ አብሮ ይሄዳል፤ ማንም ማንንም አይነካም። ስንቅ ካለቀ ግን ሕጉም አብሮ አለቀ።

ቀበሮ ለሳር በላው በሶ፣ ለሥጋ በላው ቋንጣ፣ በቅል እያደረገ ይሸጣል። አንድ ቅል በአንድ አሞሌ ጨው። ዘንድሮም ቅሉ ያው ቅል፣ ዋጋው ያው አሞሌ፤ አንገቱ ላይ ብቻ ቀይ ክር ታስሮበታል። የቀበሮ አፍስ ብትሉ!

«ኑ! ኑ! አዲስ ነው! የተሻሻለ ነው! ዋጋ አልጨመርንም፣ ክር ጨመርን!»

አያ ጅቦ ለሃጩ እየተዝረበረበ ቀረበ። «ክሩም ይበላል?»

«ላንተማ ይበላል፣ አያ ጅቦ!»

«በቃ ስጠኝ!»

አህያ ተራዋ ሲደርስ ቅሉን ጀርባዋ ላይ አስጫነችና ወዝወዝ አደረገችው። «ከብዷል። ጥሩ ነው።»

ከኋላዋ የቆመች ፍየል፣ «እትዬ፣ ክብደቱን ተዪው። ሸንበቆ ስደጂና የት ድረስ እንደሚገባ እዪው» አለቻት።

«አንቺ ልጅ፣ እኔ ዕድሜ ልኬን ጭነት ተሸክሜ የኖርኩ ነኝ። ጀርባዬ ሚዛን ነው።»

«እውነቷን ነው!» አለ ቀበሮ። «የእትዬን ጀርባ የሚያህል ሚዛን ከየት ይመጣል?»

አያችሁት? ኩራቷን አየና በዚያው ገባ! ወረፋው ደግሞ ከኋላ ይጮሃል፤ «ኧረ ቶሎ በሉ፣ ፀሐይ ጨረሰን!» አህያ አፈረች። ሰው አስቁሞ ቅል መፈተሽ ስስት መሰላት። አሞሌዋን ሰጥታ ሄደች።

አህያ፣ ውርንጭላዋና ጅቡ ሦስቱ አብረው ሜዳውን ገቡ። ጅቡ ገና ከመነሳታቸው ቋንጣውን ይሰለቅጠው ጀመር።

«አያ ጅቦ፣ ቆጥብ እንጂ!»

«ምን አስቆጠበኝ? ቅሌን አታዪውም እንዴ፣ ይሄን የሚያህል!»

ቀትር ላይ ውርንጭላው፣ «እማ፣ ራበኝ» አለ።

«ብላ ልጄ፣ እስክትጠግብ ብላ። ገና ብዙ አለ፤ ጀርባዬን አጉብጦታል እኮ።»

ወደ ማታ ደግሞ ራበው። ቅሉን ብትደፋው አንድ ቁንጥር በሶ ወጣ። ብታራግፈው ምንም። ደግማ ብታራግፈው ምንም።

«አለ እኮ! ከብዶኛል እኮ!» ብላ ከድንጋይ ጋር አጋጨችው። ቅሉ ተሰበረ። ምን ነበር? ጭቃ! ከቂጡ እስከ ወገቡ የተለሰነ ደረቅ ጭቃ! ያን ሁሉ መንገድ በዚያ ፀሐይ ጭቃ ተሸክማ ነበር!

ጅቡም የራሱን ቅል በጥፍሩ ጫረው። «የኔም ጭቃ ነው» አለ። ክሩን ከበላው ቆይቷል። ቀና አለና ውርንጭላውን አየው።

አህያ መሃል ገባች። «አያ ጅቦ፣ ሁለታችንንም ያታለለን እሱ ነው። ተመልሰን አብረን እንያዘው! በእናትህ!»

«ቀበሮ ሩቅ ነው» አለ ጅቡ። «ይሄ ቅርብ ነው።»

አህያ ባላት ኃይል ሁሉ ረገጠች፣ ባላት ኃይል ሁሉ ነከሰች። ግን ብቻዋን ነው የተመለሰችው።

ገበያ ደርሳ ስባሪውን ቀበሮ ፊት ጣለችው። «ጭቃ ሸጥክልኝ! ልጄን አስበላኸኝ!»

«ውይ፣ እትዬ፣ እግዜር ያጽናሽ። ግን እኔ ምን አልኩ? ሙሉ ነው አልኩ? ቅል አልኩ፣ ቅል ሰጠሁ። ጭቃው ለጥንካሬ ነው። የተሻሻለ ያልኩት እኮ እሱን ነው።»

ከወረፋው፣ «ያሳዝናል» አለ አንዱ። ከዚያ ሌላው ምን ቢል ጥሩ ነው? «ወረፋው ይቀጥል እንጂ!» ቀጠለ!

አህያ ከገበያው አጥር ሸንበቆ መዝዛ መውጫው ላይ ቆመች። «አንዴ ብቻ ቁሙ፣ ልስደድበት» እያለች ትለምናለች። «ቸኩዬአለሁ» ይሏታል። ያቺ ፍየል ብቻ፣ ዛሬ ገና ስንቋን ገዝታ ስትወጣ፣ ቆመች። ሸንበቆው ከውጪ ሲለካ ከአፉ እስከ ቂጡ ነው፤ ወደ ውስጥ ሲሰደድ ግን ግማሽ ላይ ቆመ።

ፍየሏ አልተከራከረችም። ተመልሳ በሶውን ቀበሮ ፊት ዘረገፈችው። «ይሄ ግማሽ ነው። ወይ ሙላልኝ ወይ ጨዌን መልስ!»

«እሺ፣ እሺ፣ ድምፅሽን ቀንሺ!» አለ ቀበሮ፣ ሌላው እንዳይሰማ አሞሌውን በጥድፊያ እየመለሰ።

ይኸው ነበር፤ አንድ ሸንበቆና ትንሽ ጩኸት። አህያ እስከዚያ ድረስ አላለቀሰችም ነበር። ይህን ስታይ አለቀሰች።

ከዚህ የምንማረው መያዣው ያው ዋጋውም ያው ነው ብለን ከመክፈላችን በፊት፣ ወረፋው ቢጮህብንም እንኳ፣ ውስጡን ለክተን ማየት እንዳለብን ነው፤ አታላይ የሚያጎድለውን መጨረሻ ላይ የሚከፍለው ደካማው ነውና።