ሽማግሎቹን ያልለቀቀች አግዳሚ

፦ ተረት ተረት!
፦ የላም በረት!

ምነው እንደ በሽተኛ ትመልሱልኛላችሁ? ራት አልበላችሁም እንዴ? ይሁን፣ ጠጋ በሉና ስሙኝ።

በድሮ ዘመን ማንጠግቦሽ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ባይለየኝ ይባላል። ስማቸውስ ያምራል፤ ትዳራቸው ግን ጠውልጎ ነበር። ሰውየው ክፉ አይደለም። አይማታም፣ አይሰክርም። ግን አይናገርም! ከእርሻ ይመጣና በልቶ ይተኛል። ብታወራው ዝም፣ ብታኮርፈው ዝም። በመጨረሻ አንጀቷ አረረና ወደ ሽማግሎቹ አለቃ፣ ወደ አባ ጓንጉል ሄደች።

፦ አባቴ፣ አፋቱኝ። ከግድግዳ ጋር መኖር ታከተኝ።
፦ እሺ ልጄ። ግን የት ተቀምጠን?

በዚያ አገር ሽማግሌ ቆሞ ነገር አያይም። ከተቀመጠ ደግሞ ነገሩ ሳያልቅ አይነሳም፤ ነውር ነው። የሚቀመጡባት አግዳሚ ዋርካው ስር ውጭ ታድራለች። ዝናቡ ሲደበድባት፣ ፀሐዩ ሲሰነጥቃት ኖሮ አመድ መስላ ነበር። ስንጥሯ ያልወጋው ሽማግሌ የለም። የት ወጋቸው ብላችሁ እኔን አትጠይቁኝ።

፦ አንቺና ባልሽ አግዳሚዋን አብራችሁ አድሱልንና እንቀመጣለን፣ አሉ አባ ጓንጉል።

ባልና ሚስቱ ዋርካው ስር ወረዱ። ባይለየኝ አንድ የሸክላ ገል አነሳና አግዳሚዋን ሊፍቅ ቢል ወዲያ ወዲህ አለችበት።

፦ ያዥልኝ፣ አለ።

ማንጠግቦሽ ደነገጠች። ድምፁን ረስታው ነበር እኮ! ያዘችለት። እሱም ፋቀና ፋቀና አመዱ ረገፈ፤ ከስሩ ቀይ እንጨት ብቅ አለ፤ ሽታው አካባቢውን አወደው።

፦ ጥድ ናት ለካ! አሽትቻት እስቲ። አባቴ ጥድ ሲጠርብ አጠገቡ ነበር የምውል።
፦ አንተም አፍ አለህ?
፦ አባቴ ነው፤ «ቤቱ ውስጥ የሚለፈልፍ ወንድ ይቀላል» ይለኝ ነበር።
፦ እና አንተ ከብደህ እኔን ልትገድለኝ ነው?

ባይለየኝ ሳቀ። እሷም ሳቀች። በአሸዋ ሲያሹም እያወሩ፣ የኑግ ዘይት ሲቀቡም እያወሩ ሰነበቱ። የማንጠግቦሽ ልብ ተመለሰ። ግን በአፏ «አፋቱኝ» ብላለች፤ በምን አፏ «ተውኩት» ትበል? ይህ ጨነቃት።

በመጨረሻ ሰም መቀባት ቀረ። ሰም ደግሞ ከመቀባቱ በፊት ፈልቶ ማሩ መውጣት አለበት። እሷ ግን ሐሳቧ ሌላ ጋ ነበርና ማሩ ያልወጣለትን ሰፈፍ እንዳለ ለቀለቀችው። አግዳሚዋ አብረቀረቀች።

ሽማግሎቹ መጡና ተደላድለው ተቀመጡ። ፀሐይዋም ሞቀች። አባ ጓንጉል ባልየውን ጠየቁት።

፦ አንተስ ምን ትላለህ?

ባይለየኝ ያን ሁሉ ሰው ሲያይ ምላሱ ታሰረ። ዝም! ማንጠግቦሽ «በል ተናገር፣ በል» እያለች በሆዷ ተማጠነች። ዝም!

፦ እንግዲህ ዝም ካለ ተለያዩ ብለን እንነሳ፣ አሉ አባ ጓንጉል።

ሊነሱ ቢሉ ማን ይልቀቃቸው! ጋቢያቸው ተጣብቋል። ሁሉም «እንዴ! እንዴ!» እያሉ ተንፈራገጡ፤ ንቦችም ማሩን ብለው መጡ። ባይለየኝ ሮጠና አባ ጓንጉልን ይጎትት ጀመር።

፦ ማንጠግቦሽ፣ ያዥልኝ!

አግዳሚዋን ያዘችለት። እሱ ግን መጎተቱን ተወና አያት።

፦ እኔንም ያዥኝ። እባክሽ አትልቀቂኝ፣ አላት፤ በሰው ሁሉ ፊት።

፦ መቼ ለቀቅኩህ፣ አለችና አለቀሰች።

፦ እሰይ! አሉ አባ ጓንጉል። ለካ ያልተነሳነው ነገሩ ስላላለቀ ነው!

ከዚያም ጋቢያቸውን ለአግዳሚዋ ትተው ተነሱ። በዚያ አገር እስከ ዛሬ ሽማግሌ ለባልና ሚስት ሲቀመጥ «አግዳሚዋ ማር ትሁን» ይባላል።

እኔ ተረቴን ጨረስኩ፣ እናንተ አፌን አብሱልኝ። ዳቦ ከሌለ ቆሎም አልጠላ፤ የሚያኝክልኝ ጥርስ ግን አብራችሁ አምጡ!