የቀላ ብርሃን

በአንድ ተራራ አናት ላይ በተሠራ የኮከብ መመልከቻ ጣቢያ፣ መጠጥ የሚወድ አንድ ዘበኛ ነበር። አንድ ቀን ጧት ጥቁር መነጽር ያደረጉ ትልቅ ባለሥልጣን ጣቢያውን ሊጎበኙ መጡ።

ተመራማሪዋ ዶክተር ምንትዋብ፣ "የከዋክብትን ብርሃን ስንመረምር ከቀለሙ ብቻ ከምን እንደተሠሩ እናውቃለን። የሩቅ ጋላክሲ ብርሃን ከቀላ ደግሞ ከእኛ እየራቀ ነው ማለት ነው" ስትል አስረዳች።

ባለሥልጣኑ ከት ብለው ሳቁ። "ሳትሄዱበት? ሳትቀምሱት? ቀለም አይቶ ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ካላሳያችሁኝ ጣቢያውን ዛሬውኑ አዘጋዋለሁ!"

በሩ አጠገብ ቆሞ ይሰማ የነበረው ዘበኛ እንጀራው ሊቋረጥ መሆኑ ገባውና ኮፍያውን አውልቆ ቀረበ።

"ጌታዬ፣ እንዲህ ያለ ሰው እኔ ቤት አለች። አምሽቼ ስገባ ሚስቴ ከተቀመጠችበት ሳትነሣ ዓይኔን ታየዋለች። ጠጅ ይሁን አረቄ፣ ምን ያህል እንደጠጣሁም ከቅላቱ ትለያለች። በጣም ከቀላባት ደግሞ 'ይሄ ሰውዬ ከቤቱ እየራቀ ነው' ትላለች። በሃያ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ተሳስታልኝ አታውቅም።"

"ይሄ የአንተ ስካር እንጂ እውቀት አይደለም!" ብለው ጮኹበት።

"ልክ ነዎት ጌታዬ፣ እኔ ያልተማርኩ ሰካራም ነኝ። ከእሷ የቀሰምኩት ትንሽ ነው። ግን መነጽርዎን ቢያወልቁልኝ፣ ትናንት የት እንዳመሹ እዚሁ ቆሜ እነግርዎታለሁ።"

ባለሥልጣኑ መነጽራቸውን በጣታቸው ጠበቅ አደረጉና፣ "ጣቢያው ሥራውን ይቀጥል!" ብለው ወደ መኪናቸው ፈጠኑ።