ቀበሮ ያበጀቻቸው ሦስት ሰፈሮች

አንድ ጊዜ ቆላውንም ደጋውንም ጫካውንም የሚገዛ አንበሳ «በአገሬ ያለውን መንገድ ሁሉ ሁሉም ይወቅ» ብሎ አዘዘ። ከዚያ ወዲህ አንዲት ቀጭን መንገድ በናዳ በተዘጋች ቁጥር ወፎች ከዳር እስከ ዳር ይጮኻሉ፤ እንስሳቱም ግጦሻቸውን ትተው ለውጡን በቃላቸው ያጠናሉ። አጥንተው ሳይጨርሱ ሌላ ጩኸት ይመጣል።

ከሁሉ የባሰባት መልእክተኛዋ አህያ ነበረች። አንድ ቀን ቆላ ውስጥ ለታመመችው ሚዳቋ ከደጋ መድኃኒት ተሸክማ ወጣች። መንታ መንገድ ላይ ስትደርስ የሰማችው ሁሉ ተደበላለቀባት። ወዲያ ወዲህ ስትል ሰንብታ በሦስተኛው ቀን ብትደርስ ሚዳቋ ሞታለች። አህያ ጭነቷን ሳታወርድ አለቀሰች።

ይህን ያየችው ቀበሮ እንስሳቱ በተሰበሰቡበት አንበሳ ፊት ቀረበች።

«ጃንሆይ፣ አህያ ሰነፍ ሆና አይደለም። የማያስፈልጋትን ሁሉ አሸክመናት ነው።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«አገሩን በሦስት ሰፈር እንክፈለው፤ ቆላ፣ ደጋ፣ ጫካ። ሁሉም የገዛ ሰፈሩን መንገድ አጥርቶ ይወቅ። ሦስቱም ሰፈሮች ወደ መካከለኛው ሜዳ የሚያወጣ በር ይኑራቸው፤ በየበሩም በረኛ ይቁም። በረኛው ለውጭ ሰው ‹ወደ ሰፈሬ የሚገባ በእኔ በኩል ይለፍ› ይበል እንጂ የውስጡን ጉራንጉር አይዘርዝር፤ በሩ ለደረሰ ብቻ የሚሄድበትን ያሳየው።»

ጅብ ከኋላ ጮኸ። «አይሆንም! የየግልገሉን ማደሪያ መንገድ ካልሰማሁ ምን በልቼ ላድር ነው?»

ጉባኤው በሳቅ ፈነዳ። ጅብ ምን እንዳሳቃቸው አልገባውም። አንበሳም «እንዲያውም አሁኑኑ ይጀመር!» አለ።

ክረምት ገባ። አንድ ጠዋት ጫካ ውስጥ ናዳ ወርዶ ሦስት መንገዶች ተዘጉ። የጫካ ወፎች ጮኹ፤ ጩኸቱ ግን ከበሩ አላለፈም። ቆላና ደጋ ያሉት ምንም ሳይሰሙ ግጦሻቸውን ቀጠሉ። በዚያው ጠዋት ጫካ ውስጥ የጦጣን ልጅ እባብ ነደፋት።

ከደጋ መድኃኒት እንድታመጣ በበረኞቹ በኩል ለአህያ ተላከባት። አህያም መድኃኒቱን ተሸክማ ከደጋው በረኛ ከዝንጀሮ ዘንድ ደረሰች። «አያ ዝንጀሮ፣ ወደ ጫካ በየት ልሂድ?»

«ሜዳውን አቋርጪና ጃርትን ጠይቂ። ከዚያ ወዲያ ያለውን እኔም አላውቀው።»

የጫካው በረኛ ጃርት ከሩቅ አይቷት ኖሮ «በወንዙ በኩል ተንዷል፤ በትልቁ ሾላ ሥር ዙሪ!» አላት። አህያ አንዴም ሳትቆም ገሰገሰች። ፀሐይ አናት ላይ ሳትወጣ ደረሰች፤ የጦጣም ልጅ ዳነች። እናቲቱ የአህያን አንገት አቅፋ አልለቅም አለች።

አንበሳ ቀበሮን አስጠርቶ በአድናቆት አያት። «መቼም አንቺ የአገሩን መንገድ ሁሉ ብታውቂው ነው ይህን ያበጀሽው።»

«ኧረ እኔስ የማውቀው የሰፈሬን ብቻ ነው፣ ጃንሆይ» አለች ቀበሮ። «የቀረውን ማን እንደሚያውቅልኝ ግን አውቃለሁ።»

ከዚህ የምንማረው ብልህ ማለት ወሬውን ሁሉ በራሱ ላይ የሚከምር ሳይሆን፣ ለማን ምን ያህል ማወቅ እንደሚበቃው ለይቶ የሁሉንም ሸክም የሚያቀል መሆኑን ነው።